ካርታ በእጅ፣ ካርታ በሰሌዳ

ካርታ የሚለው ቃል በአማርኛ ሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛው ወንዝን፣ ተራራንና ከተማን ሥሎ የሚያሳየው የመልክዐ ምድር ካርታ ነው። ሁለተኛው ባለይዞታ ከማዘጋጃ ቤት ተቀብሎ በሣጥኑ የሚቆልፈው የቤትና የቦታ ማረጋገጫ ወረቀት ነው። ሦስተኛው ሥራ በሌለበት ሰዓት ወዳጆች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱበት ካርታ ነው። ስለዚህ አማርኛ በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን «ካርታ አለዎት ወይ?» ተብለው የተጠየቁ እንደ ሆነ፣ ጠያቂው መንገደኛ ወይም ቤት ገዢ ወይም የጨዋታ ጓደኛ መሆኑን አስቀድመው ቢያዩ መልካም ነው።

እነዚህ ሦስቱ ካርታዎች በአንድነት የሚገናኙበት አንድ ጨዋታ አለ። ሰሌዳው የዓለም ካርታ ነው። ተጫዋቹ በእጁ የሚይዘው የመጫወቻ ካርታ ነው። በእያንዳንዱ የመጫወቻ ካርታ ላይ ደግሞ የአንድ አገር ስም ስለ ተጻፈበት፣ እንደ ይዞታ ወረቀት ሆኖ ያገለግላል። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ስሙ ሪስክ ይባላል። ዛሬ እርሱና ከእርሱ የተወለዱት ብዙ የወረራ ጨዋታዎች በኢንተርኔት አማካይነት በእጅ ስልክ ይካሄዳሉ። በአንድ ከተማ የተቀመጠ ሰው ፊቱን አይቶት ከማያውቀው፣ ባሕር ማዶ ከሚኖር ባላጋራ ጋር አገር ይቀማማል።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትውልድ ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታውን የፈለሰፈው አልበርት ላሞሪስ የተባለ ፈረንሳዊ የፊልም ሠሪ ነው። ይህ ሰው በ1956 «ቀዩ ፊኛ» የተባለውን፣ አንድ ሕፃን ልጅና አንድ ፊኛ በፓሪስ መንገዶች ሲዘዋወሩ የሚያሳየውን ገር ፊልም ሠርቶ በዓለም ሁሉ የተመሰገነ ነበር። በሚከተለው ዓመት በ1957 «ዓለምን ድል መንሣት» የሚል ትርጓሜ ባለው ስም የወረራውን ጨዋታ በፈረንሳይ አወጣ። በ1959 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሪስክ ብሎ ሰይሞ ሸጠው። አንድ ፊኛ ተከትሎ የሚሄድ ሕፃን የሣለ ሰው፣ በማግሥቱ ዓለምን በጦር የሚከፋፍል ጨዋታ ማሰቡ ያስገርማል። ላሞሪስ በ1970 በኢራን ፊልም በማንሣት ላይ ሳለ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

በሰሌዳው ላይ ዓለም በ42 አገሮችና በ6 ክፍላተ ዓለም ተከፍሏል። እነዚህ አገሮች ጨዋታው የሠራቸው እንጂ መንግሥታት የሚያውቋቸው አይደሉም። ለምሳሌ አፍሪካ ስድስት አገር ብቻ ናት፤ እነርሱም ሰሜን አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኮንጎ፣ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ይባላሉ። በሱዳን በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የምትገኘው ባሱንዳና በወዲህ ማዶ ያለችው መተማ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ምሥራቅ አፍሪካ በተባለችው በአንዲቱ አገር ውስጥ ተጠቅልለው ይገኛሉ። በመካከላቸው ወሰን የለም፤ ኬላ የለም፤ በገላባትና በመተማ መካከል ያለውን ድልድይ ለመሻገር ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። በእውነተኛው ዓለም ግን በዚያው ስፍራ የወሰን ነገር ብዙ ወረቀትና ብዙ ደም የጠየቀ ነው። አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በ1902 ተዋውለው፣ ሜጀር ግዊን የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በ1903 ምልክት ካደረገበት በኋላ እንኳ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው በአልፋሽጋ የእርሻ ምድር የተነሣው ክርክር በ2020 መጨረሻ እንደ ገና ወደ ተኩስ ደርሷል። ወረቀት በአንዱ እጅ፣ ማረሻ በሌላው እጅ የሆነበት ምድር ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ካርታዎች እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እርሱ ነውና።

የመጫወቻ ካርታዎቹ 44 ናቸው። ከእነርሱ 42ቱ እያንዳንዳቸው የአንድ አገር ስምና አንድ ሥዕል አላቸው። ሥዕሉ እግረኛ ወይም ፈረሰኛ ወይም መድፈኛ ነው፤ ከየዓይነቱም 14 አለ። የቀሩት ሁለቱ ጆከሮች ናቸው፤ በማንኛውም ሥዕል ቦታ ይቆማሉ። አንድ ተጫዋች በተራው ቢያንስ አንድ አገር የያዘ እንደ ሆነ በተራው ፍጻሜ አንድ ካርታ ይቀበላል። አሥር አገር ቢይዝም የሚሰጠው ያው አንድ ካርታ ብቻ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ሥዕል ወይም ሦስቱን ልዩ ልዩ ሥዕል ያሟላ ሰው፣ ሦስቱን ካርታ መልሶ በምትካቸው ጭፍራ ይቀበላል። ኢትዮጵያውያን ኮንከር፣ ሱዳኖች ኮንካን የሚሉትን የካርታ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ይህን የመሰብሰብ ነገር ለመረዳት አይቸገርም።

ልዩነቱ በዋጋው ላይ ነው። በመደበኛው ደንብ መጀመሪያ ካርታውን ያወጣ ተጫዋች 4 ጭፍራ ያገኛል። ሁለተኛው ማንም ይሁን ማን 6 ያገኛል። ከዚያም 8፣ 10፣ 12 እያለ ይሄዳል፤ ስድስተኛው 15 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው 5 ይጨመራል። እንግዲህ ካርታውን ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ለራሱ ትንሽ ተቀብሎ ለባላጋራው የተሻለውን በር ይከፍታል። የዘገየ ሰው ብዙ ያገኛል። ደግሞም ካወጣቸው ካርታዎች በአንዱ ላይ ስሙ የተጻፈውን አገር በእጁ የያዘ ሰው 2 ጭፍራ በተጨማሪ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ብቻውን ይህን ጥቅም አያስገኝም፤ መሬቱንም መያዝ ያሻል።

እንግዲያውስ እስከ መጨረሻው መዘግየት አይሻልም ወይ? ይህን ጥያቄ በሂሳብ እንመልከተው። ሦስት ካርታ የያዘ ሰው የተሟላ ሦስትዮሽ የማግኘቱ ዕድል ከመቶ 42 ያህል ነው። አራት የያዘ ከመቶ 82 ያህል ነው። አምስት የያዘ ሰው ግን ሳይሟላለት አይቀርም፤ ሥዕሎቹ ሦስት ዓይነት ስለ ሆኑ አምስት ካርታ እንዴትም ቢደረደር ወይ ሦስት ተመሳሳይ ወይ ሦስት ልዩ ልዩ ይወጣዋል። ደንቡም አምስት ካርታ ይዞ ተራውን የጀመረ ሰው ቢወድም ባይወድም እንዲያወጣ ያስገድዳል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ከሁሉ የሚጠነቀቀው አራተኛውን ካርታ ከያዘ በኋላ ነው። በዚያ ተራ አንድ አገር ቢወር አምስተኛው ካርታ ይመጣበታል፤ በሚቀጥለው ተራም ሳይፈልግ ያወጣል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለውን አገር ሆን ብሎ ሳይነካ ያልፋል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ባላጋራው ፈርቶ የተቀመጠ ይመስለዋል።

በዚህ ነገር የእኛ የጥንት ጨዋታዎች ከዚህኛው ይለያሉ። በገበጣ ላይ ፍሬው ሁሉ በጕድጓዱ ውስጥ ይታያል፤ የሚቈጥር ይቈጥራል። በሱዳን በአሸዋ ላይ የሚጫወቱት ሲጃም እንዲሁ ነው። በሰንጠረዥም ሁሉም ነገር በግልጽ ነው፤ የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን ወረራ የሚባል አንድ ልዩ ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ያሰልፉ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስቦ አሳትሟል። በእነዚህ ሁሉ የተሰወረ ነገር የለም። በሪስክ ግን ባላጋራህ ስንት ካርታ እንደ ያዘ ታያለህ፤ ምን እንደ ያዘ ግን አታይም። ከፊሉ በሰሌዳው ላይ፣ ከፊሉ በብብት ውስጥ ነው።

ከዚህ ላይ ታላቁ ደንብ ይመጣል። ባላጋራውን ጨርሶ ከሰሌዳው ያጠፋ ተጫዋች የጠፋውን ሰው ካርታዎች በሙሉ ይወርሳል። በዚህም ምክንያት በእጁ ያሉት ካርታዎች ስድስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ እንደ ሆነ፣ እስከሚቀጥለው ተራ ሳይጠብቅ በዚያው ቅጽበት አውጥቶ ጭፍራ ይቀበላል። አምስት ከሆኑ ግን ይጠብቃል። ስድስትና አምስት በጨዋታው ፍጻሜ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ አንድ ጨዋታ እናስብ።

አጎት በገዳሪፍ፣ የእኅቱ ልጅ በጎንደር፣ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ደግሞ በሌላ አገር ሆነው ይጫወታሉ እንበል። እስከ አሁን አምስት ጊዜ ካርታ ወጥቷል፤ የሚቀጥለው 15 ጭፍራ ያስገኛል። አጎትየው 11 አገርና 5 ካርታ አለው፤ በወሰኑ ላይ ያከማቸው ጭፍራ 14 ነው። ከእንግዶቹ አንዱ 4 አገር፣ 28 ጭፍራና 4 ካርታ ይዟል። ልጁ 8 አገርና 32 ጭፍራ ይዟል። የቀረው ሁሉ የአራተኛው ሰው ነው። ተራው የልጁ ሆነ። ጕልበት ስለ ተሰማው እንግዳውን አጥቅቶ 19 ጭፍራ ገደለበት፤ የራሱም 16 አለቀበት። ከአራቱ አገሮች ግን አንዱን እንኳ አላስለቀቀም፤ በሌላ በኩል አንድ ደካማ አገር ለውጦ ሦስተኛ ካርታውን ተቀበለና ደስ ብሎት ወደ አጎቱ መልእክት ላከ።

«ጋሼ፣ አይተዋል? እንግዳውን እንዴት አድርጌ እንዳደከምሁት?»

«አይቻለሁ፣ ልጄ። ማን እንዲበላው ነው ያበሰልኸው?»

አጎትየው በተራው ሦስት ካርታ አወጣ። ያከማቸው 14፣ የካርታው 15፣ በየተራው የሚገባው 3 ተደምሮ 32 ሆነ። በእጁ 2 ካርታ ቀረው። የእንግዳው ጭፍራ አሁን 9 ብቻ ነው። አራቱን አገሮች በተከታታይ ሲይዝ 8 ያህል ጭፍራ አለቀበት፤ 4 ደግሞ በየስፍራው ጠባቂ አስቀረ፤ 20 ቀረው። የጠፋው እንግዳ 4 ካርታዎች ሲመጡለት ከ2ቱ ጋር 6 ሆኑ። ወዲያውኑ አውጥቶ 20 ጭፍራ ተቀበለ፤ 40 ሆነ። ከዚያም ፊቱን ወደ እኅቱ ልጅ መለሰ። የልጁ 16 ጭፍራ በ9 አገር ተበትኖ ስለ ነበረ 12 ያህል አጥፍቶ፣ 9 ጠባቂ አስቀርቶ፣ 19 ይዞ ወጣ። የልጁ 3 ካርታና በእጁ የቀረው 3 ካርታ እንደ ገና 6 ሆነ፤ እንደ ገና 25 ጭፍራ ተቀበለ። አራተኛው ሰው በአንድ ተራ ሁለት ባላጋራ ጠፍቶ ሦስተኛው በ44 ጭፍራ ሲመጣበት ያያል።

«ጋሼ፣ እኔ የእኅትዎ ልጅ አይደለሁም ወይ?»

«ነህ እንጂ። ስለዚህ ነው በመጨረሻ ያስቀረሁህ።»

የልጁ ስሕተት ማጥቃቱ አይደለም፤ ሊጨርሰው የማይችለውን ሰው አቍስሎ፣ አራት ካርታውን በደጅ ላይ ጥሎለት መሄዱ ነው። እንግዳው 28 ጭፍራውን እንደ ያዘ ቢቀር ኖሮ፣ አጎትየው በ32 ጭፍራ አራት አገር ለመያዝ ልብ ባላገኘ ነበር። ደግሞም አጎትየው በመጀመሪያ 5 ሳይሆን 4 ካርታ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ አንድና አራት አምስት ሆኖ በዚያው ተራ ሊያወጣው ባልቻለ፣ ልጁም በዳነ። በእንዲህ ያለ ጨዋታ የጭፍራ ብዛት ከመቍጠር ይልቅ የካርታ ብዛት መቍጠር ይቀድማል፤ በእኔ ያለው ስንት ነው፣ በዚያ ሰው ያለው ስንት ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ይሞላሉን?

ዕድልም ድርሻ አለው። ጦርነቱ የሚወሰነው ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር በመጣል ነው፤ አጥቂው ሦስት፣ ተከላካዩ ሁለት ይጥላል። ከመቶ ውርወራ በ37ቱ ተከላካዩ ሁለት ያጣል፤ በ34ቱ እኩል አንድ አንድ ያጣሉ፤ በ29ኙ አጥቂው ሁለት ያጣል። አጥቂው በጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ይህች ጥቂት ብልጫ በብዙ ጭፍራ ላይ ስትደጋገም ታላቅ ትሆናለች፤ በጥቂት ጭፍራ ላይ ግን አትታመንም። ካርታ አከማችቶ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

በአንዳንድ የኢንተርኔት ጨዋታ የካርታው ዋጋ አያድግም፤ ሦስት እግረኛ 4፣ ሦስት ፈረሰኛ 6፣ ሦስት መድፈኛ 8፣ ሦስቱ ልዩ ልዩ 10 ሆኖ ጸንቶ ይኖራል። በዚህ ደንብ መዘግየት ለልዩ ልዩው ሦስትዮሽ ካልሆነ በስተቀር ብዙ አያተርፍም፤ ክፍለ ዓለም ይዞ በየተራው የሚገኘው ግብር ይበልጣል። አፍሪካን በሙሉ የያዘ 3፣ አውሮፓን የያዘ 5፣ እስያን የያዘ 7 ጭፍራ በየተራው ያገኛል። ዋጋው በሚያድግበት ጨዋታ ግን በመጨረሻ ላይ አንድ የካርታ ሦስትዮሽ ከእስያ ግብር አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ለእስያ ብሎ ጭፍራውን የፈጀ ሰው ያዝናል።

የባሱንዳና የገዳሪፍ ገበሬ ይህን የማቆየትና የማውጣት ነገር ከስልክ አይማረውም። በዚያ ምድር ዋናው ሀብት ማሽላና ሱዳኖች ሲምሲም የሚሉት ሰሊጥ ነው። አዝመራው በሚሰበሰብበት ጊዜ ከኢትዮጵያ በኩል ብዙ የቀን ሠራተኛ በመተማ ተሻግሮ ይሄድ ነበር። ሰሊጡ እንደ ታጨደ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገዳሪፍ የጨረታ ገበያ ስለሚያወርደው ዋጋው ይረክሳል። አቅም ያለው በጆንያ አድርጎ ያቆየዋል፤ ቀንጣሩ እስኪወደድ ይጠብቃል። የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ዕዳ ያለበት ግን በርካሹ ይሸጣል። ካርታውን በ4 ጭፍራ የሚያወጣው ተጫዋች እርሱ ነው። ሌላው በ15 ያወጣል።

ነገር ግን የሚያቆይ ሰው ሁሉ አያተርፍም። በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት በታኅሣሥ ወር ወደ ወድ መደኒ ደረሰ። ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ በዚያ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘረፈ፤ በውስጡ የነበረው ምግብ 1.5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ለአንድ ወር የሚበቃ ነበር። ከጌዚራና ከሲናር ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፤ ሌላውም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። ከሦስት ዓመት በፊት በ2020 መጨረሻ፣ በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ብዙ አሥር ሺህ ኢትዮጵያውያን በተቃራኒው መንገድ ወደ ሱዳን ሸሽተው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፍረው ነበር። በሁለቱም ወገን በጎተራው የተከማቸውን ሁሉ ተሸክሞ የተሻገረ የለም። በጨዋታው ደንብ የጠፋው ሰው ካርታ ለአጥፊው ይሆናል የሚለው፣ በዚያ አገር ለሚኖር ሰው ጨዋታ ብቻ አይመስለውም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት አንባቢ ያውቀዋል። ለሹም የሚመከር ተረት አይደለም፤ አማርኛ የሚማሩት ሹማምንትም ሲሰሙት ቢረዱት እንጂ ባይሠሩበት ይሻላል። ለካርታ ተጫዋች ግን ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። ባላጋራዎችህ አንተን ለመጨረስ ኃይል ባላቸው ጊዜ በእጅህ አራት ካርታ ይዘህ መቀመጥ፣ በደጅህ ላይ የተዘረጋ ማዕድ መሆን ነው።

በዚህ ላይ የስልክ ጨዋታ አንድ ሌላ አደጋ ያመጣል። በአንዳንዶቹ ጨዋታዎች ለእያንዳንዱ ተራ 24 ሰዓት ይሰጣል፤ ሦስት ተራ በተከታታይ ያሳለፈ ሰው ከጨዋታው ይወገዳል። በሌሎቹ ደግሞ ሰውየው የጠፋ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ በምትኩ ይጫወታል፤ እንዴት እንደሚጫወት አለማየት ይሻላል። በለንደን ወይም በሲድኒ ለተቀመጠ ተጫዋች 24 ሰዓት ብዙ ነው። በሱዳን ግን ኢንተርኔት በ2019 ሰኔ ከአንድ ወር በላይ፣ በ2021 ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር፤ በ2024 የካቲትም በጦርነቱ ምክንያት በብዙው አገር ጠፋ። በወዲህ ማዶ በአማራ ክልል ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቈይቷል። ምክንያቱን መመርመር የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። መሥመር በማይታመንበት ስፍራ የሚጫወት ሰው ግን በውጭ አገር የተጻፈለትን ምክር እንዳለ መቀበል የለበትም። ምክሩ «ቆይ፣ ዋጋው ይደግ» ይላል። እርሱ ግን ነገ ተራው ሲደርስ ስልኩ ይሠራ እንደ ሆነ አያውቅም። ለእንደዚህ ያለው ሰው በሦስት ካርታ ሦስትዮሹ የተሟላለት እንደ ሆነ፣ ዋጋው 10 ቢሆንም፣ ዛሬ ማውጣት ይሻለዋል ባይ ነኝ። ጭፍራ በሰሌዳው ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ባለቤቱ ባይኖርም ይከላከላል፤ በእጅ የቀረ ካርታ ግን አይዋጋም።

መዘግየትም መቸኰልም እንደሚጐዳ በዚያው ወሰን ላይ በእውነተኛ ጦር ታይቷል። ኢጣልያኖች በ1940 ሐምሌ የገላባትን ምሽግ ከእንግሊዞች ወሰዱ። በኅዳር ብሪጋዲየር ዊሊያም ስሊም የህንድ ጦር ይዞ መጣ። አሥራ ሁለት ታንክ ነበረው፤ የያዘውም ካርታ እርሱ ነበር፤ ጠላት መምጣቱን እንዳያውቅ ሸሽጎ አቆየው። በኅዳር 6 ንጋት ላይ አውጥቶት የገላባትን ምሽግ ያዘ። ነገር ግን ታንኮቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ አብዛኞቹ ቆሙ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖችም ሰማዩን ያዙ። ስሊም ከወንዙ ማዶ ያለችውን መተማን ሳይመታ ጦሩን መለሰ። ኢጣልያኖችም በበኩላቸው ተጐድተው ነበርና፣ አለመግፋቱ ስሕተት እንደ ነበረ በኋላ ራሱ በመጽሐፉ ጽፏል። ያ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በበርማ ጃፓኖችን ድል የነሣው ጄኔራል ስሊም ነው።

ስለ ቤተ ሰብም አንድ ቃል እንጨምር። ይህ ጨዋታ አንድ ሌሊት ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ በስልክ ሲሆን ደግሞ ሳምንት ይዘልቃል። በእራት ጠረጴዛ ላይ ስልኩን በጕልበቱ ላይ ደብቆ ተራውን የሚጠብቅ ባል ወይም ልጅ በብዙ ቤት አለ። አስያዥ ሆኖ በገንዘብ መጫወት የተጀመረ እንደ ሆነ ጨዋታው ቍማር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የልጁን ስልክ መቀማት አጎትን ከመቅጣት ይልቅ ቀላል ሆኖ ስለሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጣው ልጁ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጻጻፉ ልጆች ያሏቸው ወላጆችም የጽሑፍ መለዋወጫውን መዝጋት እንደሚቻል ይወቁ። በሌላ በኩል ግን በልዩ ልዩ አገር የተበተነ ቤተ ሰብ በየቀኑ አንድ ተራ እየተጫወተ ደኅንነቱን የሚጠያየቅበት ዘዴ መሆኑን ንቆ ማለፍ አይገባም። ተራው ያለፈበትን ሰው ቤተ ዘመዱ ወዲያው ይፈልገዋል።

መሥመር የጠፋ እንደ ሆነ ጨዋታው በቤት ሊሠራ ይችላል። ሰሌዳውን ከዕቃ ካርቶን ላይ መሣል ነው፤ 42ቱን አገሮች ለማስታወስ ከትምህርት ቤት ልጅ አትላስ መዋስ ይበቃል። ለጭፍራ ልዩ ልዩ እህል ይሆናል፤ አንድ ፍሬ ማሽላ አንድ ጭፍራ፣ ባቄላ አምስት፣ በቆሎ አሥር። ለካርታው ከወፍራም ወረቀት 44 እኩል ቍራጭ ይቈረጣል። በ14ቱ ላይ ሰው፣ በ14ቱ ላይ ፈረስ፣ በ14ቱ ላይ መድፍ ይሣላል፤ ሥዕል የማይችል ሰ፣ ፈ፣ መ ብሎ ይጻፍ። ሁለቱ ባዶ ይቀመጡ፤ እነርሱ ጆከር ናቸው። የዕጣ ጠጠር ያላገኘ ከሸክላ ወይም ከእንጨት ባለ ስድስት ገጽ አድርጎ ይሥራ፤ ገጾቹ እኩል መሆናቸውን ግን መቶ ጊዜ ጥሎ ይመርምር። ማሽላውን ዶሮ እንዳይለቅመው ከጨዋታው በኋላ በጣሳ ይከደን።